ዩኒቨርስ ከምንም ሊፈጠር ይችላል? ለክርክር እርዱኝ

የአስራ አንደኛዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ቅዳሜ ክርክር አለው። ርዕሱ «ዩኒቨርስ ከምንም ሊፈጠር ይችላል?» ነው። ዕጣ ሲወጣ «ይችላል» የሚለው ወገን ደረሰኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ወይ ሒሳብ ብቻ ነው ወይ ስድድብ። ሌላው ቡድን ከአሁኑ «ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ አለቀ» እያለ ይፎክርብናል። ምን ልበላቸው? እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ።

ጋሽ ፊዚክስ፦
ልጄ፣ ደህና ርዕስ ደርሶሻል። ኢነርጂውን አትፍሪው፤ እንዲያውም ንግግርሽን በእሱ ጀምሪ። የቁስ ኢነርጂ በመደመር ይቆጠራል፣ የስበት ግን በመቀነስ። ሜዳ ላይ ጉድጓድ ስትቆፍሪ አጠገቡ የአፈር ክምር ይቆማል። ክምሩን ብቻ ያየ ሰው «ይሄ ሁሉ አፈር ከየት መጣ?» ይላል፤ ጉድጓዱን አላየማ። የዩኒቨርስ ቁስና ስበትም ተደምሮ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ከሆነ ህጉ አልተጣሰም።

ይህንን ኤድዋርድ ትራዮን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ኔቸር መጽሔት ላይ ጻፈው። በኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የጥቃቅን ነገሮችን ጠባይ በሚያጠናው ፊዚክስ፣ ባዶ ህዋ ውስጥ ቅንጣቶች ብቅ ብለው ይጠፋሉ። የሚፈልጉት ኢነርጂ ባነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው ይረዝማል። ድምሩ ዜሮ ከሆነስ? 13.8 ቢሊዮን ዓመት ቢቆይም የሚከለክለው የለም።

ዝም አልልም፦
እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ትተሽ ዘፍጥረት 1፥1ን አንብቢ። ቢግ ባንግ ፈጣሪን ለመካድ የተፈጠረ ወሬ ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦
ወንድሜ፣ ረጋ በል። የቢግ ባንግን ሐሳብ ከጀመሩት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የቤልጅየም ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ሐሳቡን ከፍጥረት ታሪክ ጋር ሲያያይዙት፣ ቅር የተሰኙት ራሳቸው ለሜትር ናቸው። ሳይንሱ በሳይንስነቱ ይቆይ ባይ ነበሩ።

ለጠያቂዋ ደግሞ ከእኛው ቤት አንድ ነገር ላቀብልሽ። ሊቃውንቱ ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሁለት ነገር ይለያሉ። እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት «እምኀበ አልቦ»፣ ካለመኖር መጡ ይላሉ። ከእነሱ የተገኘው «ግብር እምግብር» ነው፤ ካለ ነገር የተሠራ። እስቲ የጋሽ ፊዚክስን ባዶ ህዋ በዚህ መዝኚው። ህዋው አለ፣ ጊዜው አለ፣ የኳንተም ህጉ አለ። ይሄማ ግብር እምግብር ነው! ከተቃራኒው ቡድን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ካለ በዚህ ነው የሚይዝሽ።

ኦና፦
ልክ ብለዋል። የፊዚክስ ባዶ ህዋ ባዶ አይደለም። ሄንድሪክ ካሲሚር የተባለ ሆላንዳዊ በ1948፣ ኤሌክትሪክ የሌለባቸው ሁለት የብረት ዝርጎች ባዶ ህዋ ውስጥ በጣም ከተጠጋጉ ይሳሳባሉ አለ። በጣም ስል፣ ክፍተቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ሲሆን ነው። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ለካው። «ምንም» ቢሆን ኖሮ ማን ገፋቸው?

ስለዚህ ትራዮንን ብቻ ይዘሽ አትግቢ። አሌክሳንደር ቪሌንኪንን ጨምሪ። በ1982 ባወጣው ስሌት መነሻው ባዶ ህዋ እንኳን አይደለም፤ ህዋም ጊዜም የለም። ስፋቱ ዜሮ ከሆነ ሁኔታ፣ ፊዚሲስቶች ተነሊንግ በሚሉት መንገድ (በተለመደው ፊዚክስ የማይታለፍን ግድግዳ ሾልኮ ማለፍ በይው)፣ ሚጢጢ ዩኒቨርስ ብቅ ትልና በፍጥነት ትለጠጣለች። በሙከራ አልተረጋገጠም። ርዕስሽ ግን «ሊፈጠር ይችላል?» እንጂ «ተፈጥሯል?» አይደለም። እዚያ ላይ ሙጭጭ በይ።

ጋሽ ፊዚክስ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመላው ዩኒቨርስ ድምር ኢነርጂ በአንስታይን ቲዎሪ እንዲህ በቀላሉ የሚሰላ አይደለም። «ዜሮ ነው» ብላ እንዳትናገር።

ጋሽ ፊዚክስ፦
እኔም «ሊሆን ይችላል» ነው ያልኩት። ግን እሺ።

የአስራ አንደኛዋ፦
ተባረኩልኝ! ኦና፣ «የኳንተም ህጉስ ከየት መጣ?» ቢሉኝስ?

ኦና፦
ይሉሻል። ለእሱ ማንም የጨረሰ መልስ የለውም፤ አለኝ ብለሽ አትንተባተቢ። «ህግ ዕቃ ነው እንዴ? ከሆነስ የት ይቀመጣል?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂያቸው። ደቂቃቸውን እዚያው ይጨርሱ።