ቡስት ስረግጥ ሶሎዬ ለምን አይወጣም?

ጥያቄ፦ ባለጊታሩ
ሰላም ናችሁ። ሶሎ ላይ ከባንዱ በላይ ልሰማ ብዬ ክሊን ቡስት (ድምፁን ሳያሻክር ከፍ የሚያደርግ ፔዳል) ገዛሁ። አሰካኬ እንዲህ ነው፦ ጊታር፣ ቡስት፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል)፣ ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)፣ ከዚያ አምፕ። አምፑ ክሊን ላይ ነው (አያሻክርም)፣ ኤፌክት ሉፕ (ፔዳል በአምፑ መሃል የሚሰካበት ቦታ) የለውም። ቡስቱን ስረግጠው ድምፁ ከፍ አይልም። ይሻክራል እንጂ! ወፍራሞቹ ክሮች ደግሞ ይጨማለቃሉ። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ሪትም
ፔዳልህ ደህና ነው፣ ቦታው ነው ጉዳዩ። ዲስቶርሽን የሲግናሉን ጫፍ ይቆርጣል። ጣሪያ አለው ማለት ነው። ከፊቱ የፈለግከውን ያህል ብትገፋው ከጣሪያው አያልፍም። የምታገኘው ተጨማሪ መሻከርና ረዘም ያለ ሰስቴይን (የኖታው መቆየት) ነው። ቡስቱን ከዲስቶርሽኑ በኋላ፣ ከዲሌዩ በፊት ሰካው። ያኔ የተሻከረውን ድምፅ እንዳለ ያነሳልሃል። አምፑ ራሱ መሻከር ከጀመረ ግን ሌላ ጣሪያ ገጠመህ ማለት ነው፣ ስለዚህ የአምፑን ጌይን (የመሻከሩን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ዝቅ አድርገው።

የድምፅ ሰው
ሪትም ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ማዞሪያውን እስከ ጥግ አትውሰደው። 6 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ 20 ዴሲቤል ደግሞ 10 እጥፍ። ኤምኤክስአር ማይክሮ አምፕ የሚባለው ትንሽ ፔዳል እስከ 26 ዴሲቤል ይሰጣል፣ ወደ 20 እጥፍ ገደማ! ለሶሎ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይበቃል ባይ ነኝ። ከኋላ ሲሆን የዲስቶርሽኑን የ«ሽሽ» ድምፅም አብሮ ስለሚያነሳ፣ ሶሎው ሲያልቅ ቶሎ አጥፋው።

ትሬብል ወዳጅ
ቡስትን ከፊት ማድረግ ስህተት እንዳይመስልህ። እኔ ቡስት የምወደው ለዚያው ነው፣ የጊታሩን ቀለም ይቀይራል። መጨማለቁ የሚመጣው ቤዙ ሳይቀነስ ዲስቶርሽኑ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዳላስ ሬንጅማስተር የሚባል ቡስት ይህን በቀላሉ ፈትቶታል። አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር አለው፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ቤዙን የሚያስቀር ትንሽ ካፓሲተር። ጊታር ተጫዋቾቹ ቶኒ አዮሚና ሮሪ ጋላገር በዚህ ነው አምፓቸውን የገፉት። ዛሬ ደግሞ ብዙ የሜታል ተጫዋች አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር የሚባለውን ፔዳል ለዚሁ ይጠቀምበታል። ድራይቩ (መሻከሩ) እታች፣ ሌቭሉ (የድምፁ መጠን) እላይ። ቤዙን ይቀንሳል፣ 720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሚድ (መካከለኛውን ድምፅ) ያወጣዋል። ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ላይ እያንዳንዱ ምት ጥርት ብሎ ይሰማል።

ባለጊታሩ
ሪትም፣ ቦታውን ቀየርኩት፣ አሁን ድምፁ ከፍ ይላል! ተባረክ። ግን ብቻዬን ስሞክረው ያምራል፣ ከኪቦርዱና ከሁለተኛው ጊታር ጋር ስንሆን አሁንም ይውጡኛል። ልጨምረው እንዴ?

የድምፅ ሰው
አትጨምረው፣ ሚዱን አውጣው። ቤዙ ከቤዝ ጊታርና ከከበሮው ጋር ይጋጫል፣ ትሬብሉ ከሲምባሉ ጋር። የኤሌክትሪክ ጊታር መኖሪያ ሚድ ነው። ክሊን ቡስት ሁሉንም እኩል ስለሚያነሳ ይህን አይመርጥልህም። ኢኪው ፔዳል (ቤዙን፣ ሚዱንና ትሬብሉን ለየብቻ የሚያስተካክል) ካገኘህ በቡስት ፋንታ እሱን ከዲስቶርሽኑ በኋላ አድርገው። ቦስ ጂኢ-7 ለምሳሌ 7 ተንሸራታቾች አሉት፣ ከጎናቸውም የራሱ ሌቭል። 800 ኸርዝን ትንሽ ከፍ፣ 100ን ዝቅ፣ ሌቭሉን ጥቂት ጨምር። ብቻህን ስትሰማው አፍንጫ አፍንጫ ይልብህ ይሆናል። አትደንግጥ፣ የምትመዝነው ባንዱ ሲጫወት ነው።

ሪትም
ኢኪው እስክታገኝ ከዲስቶርሽኑ ቶን ማዞሪያና ከአምፑ ሚድ ጀምር። ብዙ ሰው ሚዱን ሙልጭ አድርጎ ያወርድና ቡስት ፍለጋ ይሄዳል። ጌይኑንም ቀንሰው። ጌይን ሲበዛ የምቱ ጉልበት ይጠፋል፣ ድምፁም ወደ ኋላ ይሸሻል።

ባለጊታሩ
የአምፔ ሚድ 3 ላይ ነበር ለካ! 6 ላይ አድርጌ ዛሬ ልምምድ ላይ እሞክረዋለሁ። ሌላው ጥያቄ፣ ቡስቱን በ18 ቮልት ባሠራው የበለጠ ንጹህ ይሆናል ይላሉ። ይቻላል?

የድምፅ ሰው
ፔዳሉ ላይ ወይም መመሪያው ላይ 18 ቮልት ይችላል ተብሎ ከተጻፈ ብቻ። ያኔ ሳይሻክር ከፍ የሚልበት ቦታ ይሰፋል። 9 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን አትንካው፣ ሊቃጠል ይችላል። የፕላጉንም ፖላሪቲ (ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ የት እንደሆነ) እይ፣ አብዛኛው ፔዳል መሃሉ ኔጋቲቭ ነው።