ለቬተራን ወንድሜ ፕሮባዮቲክ ስፈልግ፦ የቱ ይሻላል?

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ ኢራቅ ደርሶ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ለሆድ የሚወሰደው ባክቴሪያ ለጭንቀትም ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። ያንቺ ወንድም ይወስዳል አይደል? የቱን ልግዛለት?» አሉኝ። ቆመን የምንጨርሰው ወሬ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ። እንደሳቸው የሚፈልግ ሌላም አይጠፋም።

ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ፣ አፍጋኒስታን ከርሞ ነው የተመለሰው። አሁን እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ አብረን እንኖራለን። ቡና ሲፈላ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ካልሰጠ አይቀመጥም። ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ቤት ይገባና ውሃውን ከፍቶ ይቆማል። ምን ሆንክ ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ተዪው እታለም፣ ሆድ ይፍጀው።»

ሆዱም እውነት ይፈጅ ነበር። ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ጠዋት እህል አይገባለትም። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለሆድ የሚወሰደውን ጠቃሚ ባክቴሪያ፣ ማፈላለግ የጀመርኩት ለዚህ ነበር። ለፒቲኤስዲ፣ ከጦርነት ወይም ከሌላ ከባድ መከራ በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ሕመም፣ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሳነብ ግን አንዱ ጥናት የተሠራው እዚሁ አፍንጫችን ሥር መሆኑን አወቅሁ። በአካባቢያችን የቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) ሕክምና፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ ውስጥ የሚሠሩት ዶክተር ሊሳ ብሬነር እና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ላውሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ይህን ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2020 ያወጡት ጥናት 31 ቬተራኖችን የያዘ ነው። ሁሉም ፒቲኤስዲ እና ቀላል የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ለ8 ሳምንት አንዳንዶቹ ላክቶባሲለስ ሮይተሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ወሰዱ፣ ሌሎቹ ምንም የሌለበትን ፕላሴቦ ወሰዱ። ከዚያ ጭንቀት እንዲሰማቸው ተብሎ ሰው ፊት ቆመው እንዲናገሩና በቃላቸው ሒሳብ እንዲሠሩ ተደረገ። ባክቴሪያውን የወሰዱት ሰዎች የልብ ምት እንደ ሌሎቹ አልናረም። ደም ውስጥ ያለ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ የሚባለው ምልክትም ወደ መቀነሱ አዘንብሏል፤ እርግጠኛ ተሆኖ የሚነገር ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 31 ሰው ጥቂት ነው። ጥናቱ ቅዠቱ ጠፋ፣ ንዴቱ በረደ አላለም። ዋናው ጥያቄው ቬተራኖቹ ነገሩን ሳይቸገሩ ይወስዱታል ወይ የሚል ነበር፣ እሱንም መልሷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፒቲኤስዲ ያለባቸውን 18 ሰዎች፣ ተመሳሳይ መከራ አይተው ካልታመሙ 12 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። የታመሙት አንጀት ውስጥ ሦስት የባክቴሪያ ወገኖች አንሰው ተገኙ። ሕመሙ ነው ባክቴሪያውን ያሳነሰው ወይስ የባክቴሪያው ማነስ ነው ለሕመም ያጋለጠው? ከዚህ አይለይም።

ማስታወቂያዎቹ ደግሞ ስሜትን ከሚነኩ የሰውነት ኬሚካሎች አንዱን አንስተው «90 በመቶው ሴሮቶኒን የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው» ብለው ይጀምራሉ። አብዛኛው አንጀት ውስጥ መሠራቱ እውነት ነው። ግን ያ ሴሮቶኒን በቀጥታ ወደ አንጎል አይሻገርም። ሆድና አንጎል የሚነጋገሩት በነርቭ፣ በተለይ ቬገስ በሚባለው፣ እና በሰውነት መከላከያ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚሸጥላችሁን እለፉት።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። መጀመሪያ የገዛሁት ጠርሙስ ላይ «50 ቢሊዮን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ የባክቴሪያው ብዛት ነው። ቤት ገብቼ ጀርባውን በማጉያ መነጽር ሳነበው የባክቴሪያዎቹ ስም ብቻ ነው ያለው። ከስሙ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር የለም። ቁጥሩ ማለት እንደ ሰው የአባት ስም በሉት። ላክቶባሲለስ ሮይተሪ ብዙ ዓይነት ነው፣ የተጠናው አንዱ ነው። ከታችም «በተመረተበት ጊዜ» ይላል። እስከ ማብቂያው ቀን በሕይወት ይኖራል ብሎ ቃል አልገባም ማለት ነው። ሱቁ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ነበር የደረደረው። ገንዘቤን ነው የጣልኩት።

ጥናቱ ውስጥ የነበረው ቁጥር ዲኤስኤም 17938 ነው። ይኼንኑ የምታገኙት የስዊድኑ ባዮጋያ በሚሠራው ፕሮቴክቲስ ውስጥ ነው። የሚታኘክ ክኒን አለው፣ ጠብታም አለው፤ ሆዳቸውን ለሚያማቸው ሕፃናት የሚሰጠው ያው ነው። አንዱ ክኒን 100 ሚሊዮን ይይዛል። ከ50 ቢሊዮኑ ጋር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ብዛቱ ግን ብቻውን ምንም አይናገርም። የዚህ ባክቴሪያ ዘር መጀመሪያ የተገኘው በ1990 ከአንዲት የፔሩ እናት የጡት ወተት ነው። ይህን ስነግረው ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ «እናትየው ትባረክ» አለ። በነገራችን ላይ ከ2020 ወዲህ ሳይንሳዊ ስሙ ሊሞሲላክቶባሲለስ ስለተባለ ማሸጊያው ላይ እንደዚያ ብታዩት አትደናገጡ። ለእኛ ቤት የመረጥነው እሱን ነው።

ከልቸሬል የሚባለው ምርት ኤልጂጂ የሚባለውን ባክቴሪያ ይዟል። ብዙ የተጠና ነው፣ በየፋርማሲው ይገኛል፣ ለተቅማጥ የማምነው እሱን ነው። ፍሎራስቶር ባክቴሪያ አይደለም፣ እርሾ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ወንድሜ ጥርሱን ተነቅሎ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት ያወጣሁት እሱን ነበር። አላይን ደግሞ 35624 የሚል ቁጥር ያለው ቢፊዶባክቴሪየም ነው፤ ሆድ ለሚነፋው ሰው ይታሰባል። ሦስቱም ለሆድ ነው የምጠቁማቸው። ለፒቲኤስዲ ብዬ ግን አንዱንም አልጠቁምም።

«እርጎ አይበቃም ወይ?» የሚል አለ። እርጎ እወዳለሁ፣ ቤቴም አይጠፋም። በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ሲረጋ ሽታው ራሱ ሰው ያረጋጋል። ወንድሜ ማታ ማታ አንድ ኩባያ ይጠጣል፣ ሆዱም ቀሎታል። ነገር ግን ውስጡ ያለው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለዚህ የጥናቱ ምትክ አይሆንም። እንጀራውም ቢቦካ፣ ምጣድ ላይ ሲጋገር ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሰውነት መከላከያው የደከመ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ወይም በትልቁ ደም ሥሩ ቱቦ የገባለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። አልፎ አልፎ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ ከባድ ሕመም ያመጣል። ሰርትራሊን ወይም ፓሮክሴቲን የታዘዘለትም ፕሮባዮቲክ ጀመርኩ ብሎ እንዳያቆም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለፒቲኤስዲ የፈቀዳቸው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ፕሮባዮቲክን ግን አልፈቀደም።

ወንድሜን የቀየረው ነገር ከክኒኑ አልመጣም። የመጣው ከንግግር ሕክምናው ነው። ሲፒቲ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ 12 ቀጠሮ ነው። ያንን መከራ ያየበትን ቀን ይጽፈዋል፣ ያነበዋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ የያዘውን ነገር ከባለሙያው ጋር ይመረምረዋል። የመጀመሪያው ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። በፔርሙዝ ቡና ይዤ ነበር። ሁለት ስኒ ጠጣ፣ ሦስተኛዋን ሳልቀዳለት በሩን ከፍቶ ወረደ። ፕሮባዮቲኩ የጠቀመን ነገር ቢኖር፣ ጠዋት ሆዱ ሳያውከው ከቤት መውጣት ቻለ። ለእኔ ይኼም ትንሽ አይደለም።

ቦታዎቹን ላነጻጽር። የቪኤው ሆስፒታል መድኃኒትም ንግግርም በአንድ ቦታ አለው፣ ግን መመዝገብ ይጠይቃል። ቬት ሴንተር ትንሽ ቢሮ ነው። ጦርነት ቀጠና ያገለገለ ሰው በነፃ ይገባል፣ ለቪኤ ሕክምና መመዝገብ አያስፈልገውም፣ ለቤተሰብም ምክር ይሰጣል። የነገራቸውን ነገር ያለ ፈቃዱ ለሌላ አያሳልፉም። ሰው ይሰማብኛል ብሎ ለሚፈራ የእኛ ልጅ እኔ የምመርጠው ይኼን ነው። ስልካቸው 877-927-8387 ነው፣ ሌሊትም ይነሳል። «አልሄድም» ለሚል ልጅ እናቱ ወይም እህቱ ደውላ ምን ብላ እንደምታናግረው የምትጠይቅበት መስመርም ቪኤ አለው፤ 888-823-7458። ራሱን ሊጎዳ ነው ብላችሁ ከሠጋችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ።

እማማ፣ ክኒኑን እንግዛለት ካሉ ፕሮቴክቲስን ለ8 ሳምንት ይሞክርና እንቅልፉን ደብተር ላይ ይጻፍ። የቬት ሴንተሩን ቁጥር ግን ከዚያ በፊት ይያዙ። እሁድ ሲመጡ ስልክዎ ላይ እኔው እመዘግብልዎታለሁ። ልጅዎም ከፈቀደ፣ ወንድሜ አብሬው ሄጄ መኪና ማቆሚያው ላይ እጠብቀዋለሁ ብሏል።