አዲስ የስፖርት መኪና ለጎንደር፦ የቱን? ከማን?

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የሕንፃ መሣሪያ ንግድ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶና ብረት በፒክአፕ ሳመላልስ ኖሬአለሁ። አሁን አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ ብዬ አዲስ የስፖርት መኪና ልገዛ ቆርጫለሁ። ባለቤቴ ሐሳቡን ሰምታ ስቃ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ከንግግሯ ይከብዳል።

አዲስ አበባ ሄጄ አራት ቦታ ጠየቅሁ። ሁለቱ ያሳዩኝ ፎቶ ብቻ ነው። ዋጋውን ደግሞ አራቱም ለየቅል ነገሩኝ፤ በአንድ ዓይነት መኪና ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት አዲስ ባጃጅ ይገዛል። ካየኋቸው ውስጥ የኤሌክትሪኮቹ ቢዋይዲ ሲል (BYD Seal)፣ ኤምጂ ሳይበርስተርና ሻኦሚ ኤስዩ7 አሉ። ልቤ ያለው ግን በቤንዚኑ ቶዮታ ጂአር86 ላይ ነው። ለጎንደር የቱን፣ ከማን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፣ ከፒያሳ፦

ወንድሜ፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ስላለፍሁ ዝርዝሩን ልንገርህ። ከልብህ ልጀምር፤ ጂአር86ን ተወው።

መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ የቤንዚን ስፖርት መኪና ቢያሳይህ ወይ ከክልከላው በፊት ገብቶ የቆመ ነው፣ ወይ ወረቀቱ ላይ ጥያቄ አለ። ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የጉምሩክ ሰነዱን፣ አስመጣና ቀኑን አንብብ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ራስህ አስተያይ። በሕጋዊ መንገድ የገባ ቢሆን እንኳ ዋጋው ያስደነግጥሃል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ሞተሩ ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ መኪና ላይ 100 በመቶ ጥሏል፤ ጉምሩኩ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ሲሰሉ ወደብ ላይ 100 ብር የነበረው ዕቃ ከ300 ብር በላይ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አየራችን ነው፤ ይህን ማንም ሻጭ አይነግርህም። የጂአር86 ሞተር ባለ 2.4 ሊትር ሆኖ ቱርቦ የለውም፤ የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛው እንኳ አይሞላም። በወረቀት ላይ 230 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣው 180 ገደማ ይዞ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስምና ከፍታ አያዳክመውም። የቤንዚን ወረፋውን አንተው ታውቀዋለህ።

ሻኦሚውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሽያጭ ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ88 ሺህ በላይ ትዕዛዝ ተመዝግቦበታል፤ ቻይናውያን ራሳቸው ወራት ጠብቀዋል። ኩባንያው ወደ ውጭ መሸጥ የምጀምረው እ.ኤ.አ. በ2027 ነው ብሏል። ከዚያ በፊት እዚህ የሚደርስህ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራ፣ በቻይንኛ የሚያናግርህ ይሆናል፤ ዋስትናውም ተከትሎህ አይመጣም። ስልክህ የዚሁ ኩባንያ ከሆነ በእሱ ተጽናና።

ሳይበርስተሩ ያምራል፤ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ሲከፈቱ ያየሁ ዕለት እኔም ልቤ ከድቶኝ ነበር። ግን ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፤ ክብደቱ ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ይጠጋል፤ የፊትና የኋላ ጎማው ስፋት ስለሚለያይ አንዱን ከሌላው ማቀያየር አትችልም። አንድ ጎማ ድንጋይ ቢቀድድብህ ጎሚስታው ከልብ ያዝንልሃል እንጂ የሚያደርግልህ ነገር የለም። በዚያ ላይ የማራኪን ኮብልና በየመንገዱ ላይ ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ጉብታ አስበው።

የምጠቁምህ ቢዋይዲ ሲልን ነው፤ ግን የትኛውን ሲል እንደሆነ አስጽፍ። ባለሁለት ሞተሩ በሰዓት ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ3.8 ሰከንድ ይደርሳል፤ ባለአንድ ሞተሩ፣ ትልቁን ባትሪ የያዘው፣ 5.9 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። እኔን የገጠመኝም ይኸው ነው፤ ሻጩ የመጀመሪያውን ፎቶና የሁለተኛውን ዋጋ ይዞ ነው የቀረበኝ፤ በኋላ የሁለተኛውን መኪና በመጀመሪያው ዋጋ ሊያስረክበኝ ነበር። በሲል አራቱም ጎማ እኩል ነው፤ 235/45፣ 19 ኢንች። አምስት ሰው ስለሚይዝ ለባለቤትህም መልስ አለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ከማን? መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው ይፋዊ ወኪል ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ወረፋ አለው። ዋስትናውና መለዋወጫው ግን በጽሑፍ ነው፤ ሲበላሽ የምትጮህበት ቢሮ አለ። ቢሮው ከጎንደር 700 ኪሎ ሜትር በላይ መራቁን ግን አትርሳ። ከመክፈልህ በፊት «ጎንደር ላይ ቢቆምብኝ ባለሙያ ትልካላችሁ ወይስ እኔ ጭኜ አመጣለሁ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን በቃል አትቀበል።

ሁለተኛው በቦሌና አካባቢው መኪና ደርድረው የሚሸጡት ነጋዴዎች ናቸው። መኪናውን ትነካዋለህ፣ ታስነሣዋለህ፣ ከሆዱ ሥር ጎንበስ ብለህ ታየዋለህ። ዋጋው ግን እንደ ዶላሩ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ «ዶላር ጨመረ» የማይል ሻጭ አላየሁም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ፊትህ የቆመው መኪና ቀረጡ ተከፍሎ፣ የባንክ ወጪው ተዘግቶ የገባ ነው፤ የዛሬው ዶላር አይነካውም። ሻጩ የሚያስከፍልህ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጣውን መኪና ዋጋ ነው። እንደ ነጋዴ አልፈርድበትም፤ አንተም በሲሚንቶ ሳታደርገው አትቀርም። ቢሆንም ይህን ካወቅህ ድርድሩ ላይ አፍህ ይፈታል። ቀስ ብለህ «መቼ ነው ከጉምሩክ የወጣው?» ብለህ ጠይቅ። ቆሞ የከረመ መኪና ባለቤቱን ያስጨንቃል። እኔ የገዛሁት አቧራ የለበሰውን ነው።

ሦስተኛው በትዕዛዝ ማስመጣት ነው። በወረቀት ላይ ከሁሉ የረከሰ እሱ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የገባሁት እዚያ ነበር። አንድ አስመጪ ገንዘብ ተቀብሎኝ «መርከብ ላይ ነው» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ «ጅቡቲ ደርሷል» አለኝ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ለመድረስ ደግሞ ሌላ ወር ወሰደበት። ሰማያዊ አዝዤ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ መጣ። በመጨረሻ «ልዩነት ጨምር» ተባልሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ገንዘቤን ለማስመለስ የሄድሁበትን መንገድ ብቆጥረው መኪናው ሳይገዛ ሰርቪስ ይደርስ ነበር።

ፍርዴ ይኸውልህ። ወኪሉ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በውሉ ላይ ካሰፈረ፣ ጭማሪውን ከፍለህ ከወኪል ግዛ። ካላሰፈረ፣ መሬት ላይ ቆሞ ያየኸውን ከነጋዴ ግዛ። በፎቶ አትግዛ።

ስለ ቀረጡም እንዳትታለል። ለኤሌክትሪክ መኪና ማበረታቻው ሲወጣ የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተፈትቶ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ ተደርጎ ነበር። መመሪያ ይለወጣልና ሻጩ «ታክስ ጨመረ» ሲልህ አንተን የሚመለከተው በመኪናህ ዲክላራሲዮን ላይ ያለው ነው።

መልስ፣ ከአዘዞ፦

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከሁለታችሁ ሳይበልጥ አይቀርም። ልጄ ከፒያሳ ያለው ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ረስቷል።

የመጀመሪያው የመሙያው ቀዳዳ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራና ለአውሮፓ የተሠራ መኪና መሙያቸው አይገጥምም። ሻጩ ገመዱን ከመኪናው ጋር ያስረክብህ፤ እዚያው ሰክተህ ሲሞላ እይ። ቤትህ ግድግዳ ላይ ባለው ተራ ሶኬት ከሞላህ የሲል ትልቁ ባትሪ፣ 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው፣ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ባለ 7 ኪሎ ዋት መሙያ ካስገጠምህ በ12 ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ለዚህ ግን ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ መቀየር አለበት። ምድር ገመድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የሌለው ቤት ስንት እንዳየሁ ብነግርህ መኪናውን ትተወዋለህ። መብራት እንደምታውቀው ነው፤ ስለዚህ «ነገ እሞላዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ መብራቱ ባለበት ሰዓት መሙላት ነው።

ሁለተኛው ማምጫው ነው። ከአዲስ አበባ እየነዳሁ አመጣዋለሁ እንዳትል። ባለሁለት ሞተሩ ሲል በአውሮፓ ልኬት በአንድ ሙሌት 520 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ በቻይና ልኬት የሚጻፈው ቁጥር ከዚህም የበለጠ ያጓጓል፤ መንገዱ ግን ከሁለቱም ይረዝማል። አባይ በረሃን ስትወርድ ባትሪው ጥቂት ይመለስለታል፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ሽቅብ ግን የተመለሰውንም ያልተመለሰውንም ይወስደዋል። በሎቤድ፣ በመኪና መጫኛው ተሳቢ፣ አስጭነው። የመንገዱን ደኅንነት የሚያውቀው በዚያው ሳምንት የሄደ ሾፌር ስለሆነ እሱን ጠይቅ። ከመጫኑ በፊት ኢንሹራንስ ይግባለት፤ ከዋጋው አሳንሰህ እንዳታስገባው። ግማሹን ዋጋ ብቻ ካስመዘገብህ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው የጉዳቱን ግማሽ ነው የሚከፍልህ።

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቤቴን አስፈተሽሁ፤ እንዳሉት ምድር ገመድ የለውም። ከፒያሳ የጻፍህልኝ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንዱ ሻጭ «ሦስት ሳምንት ውስጥ ይገባል፤ ለመያዣ ጥቂት ክፈል» ብሎኛል። ዋጋው ከሌሎቹ ይሻላል። ልክፈል?

መልስ፣ ከፒያሳ፦

ደረሰኙ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍልህ ጠይቀው። «ቅድሚያ ክፍያ» ካለ የዋጋው ክፍል ነው፤ ቢያፈርስብህ ገንዘብህን ለማግኘት ስትመላለስ ትከርማለህ። «ቀብድ» ካለ ግን ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። መኪናው በእውነት የሚመጣ ከሆነ ሻጩ ያቺን ቃል ለመጻፍ ምን ያስፈራዋል? ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ ዋጋው በብርና የሚያስረክብበት ቀን ይግባ። «ዋጋው እንደ ምንዛሬው ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር ካለ እሱን ሰርዞ ካልፈረመ አትክፈል።

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦

ዛሬ ደወልሁለት። «ቀብድ» የሚለውን ቃል ስጠራ «ድርጅታችን እንደዚያ አይጽፍም» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሼ ብደውልም አላነሣም። ሰኞ አዲስ አበባ ሄጄ ቆሞ የነበረውን ግራጫውን ሲል ላየው ነው። ባለቤቴ ሜትር ይዤ እንድሄድ አዛኛለች፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ለክቼ፣ እሷ በራችን ላይ ያለውን ጉብታ ለክታ በስልክ እንድናስተያይ ነው። ጉብታው ካሸነፈ መጀመሪያ እሱን ላፈርስ ነው።