«ኳይትሊ»ን በአማርኛ ምን ልበላት?

እንግሊዝኛ የምትችሉ እባካችሁ፣ አንዲት ቃል አላላውስ ብላኛለች። አጭር ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። «ሺ ስፖክ ኳይትሊ» ይላል። እኔም «በጸጥታ ተናገረች» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አንብባ ሳቀችብኝ። «ጸጥ ካለች እንዴት ትናገራለች?» እውነቷን ነው። «ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ» ብዬ አስተካከልኩት።

ቀጥሎ «ሂ ሌፍት ኳይትሊ» መጣ። «ሹልክ ብሎ ወጣ» አልኩ። ግን ሹልክ ማለት የሌባ አይመስልም? ሰውየው እኮ የተኛ ልጁን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ነው። «ኮሽ ሳያደርግ» ይሻል ይሆን?

የባሰችው «ኳይትሊ ኮንፊደንት» ናት። እዚህ ጋ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። በራሱ ይተማመናል፣ ግን አያወራውም። «ውስጥ ውስጡን» ብል ያስኬዳል? ደግሞስ «ሳይለንትሊ» ስትሆን፣ ጭራሽ ድምፅ የለም ማለት ነው አይደል?