በአእምሮ ሕክምና ዋርድ ልጀምር ነው፤ ሥራውን የምታውቁት ምከሩኝ

አዲስ ገቢ (ለንደን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለንደን ውስጥ በአንድ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ሆስፒታል፣ የሴቶች የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ኸልዝኬር ሰፖርት ወርከር፣ ማለትም የነርሶች ረዳት ሆኜ ልቀጠር ነው። የደመወዝ እርከኑ ባንድ 2 ነው ያሉኝ። ዲቢኤሱ (የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያው) አልቋል፤ የቀረኝ ሥልጠናው ነው። እስካሁን የሠራሁት ኬር ሆም ነው፤ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ እችልበታለሁ። ይሄኛው ግን ገና ሳልጀምረው እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴ ሰምታ «ይደበድቡሻል ልጄ፣ እዚያው ሽማግሌዎችሽ ጋ ብትቆዪስ» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። እኔም ብሆን የማውቀው አገር ቤት ስለ አማኑኤል ሲወራ ከሰማሁት አይዘልም።

ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። ዋን ቱ ዋን (አንዲትን ታካሚ ብቻ መጠበቅ) ሲመድቡኝ አንዲት ታካሚ አጠገብ ተቀምጬ ምን እየሠራሁ ነው የምውለው? ኖት መጻፍስ? በንግግር እግባባለሁ፣ ጻፊ ስባል ግን እጄ ይታሰራል። ደግሞ የእኛ ሰው ታማ ብትገባስ? እዚህ ያለን ሐበሾች እኮ ብዙዎቻችን እንተዋወቃለን። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ልጅ ብትሆን ምን አደርጋለሁ?

ሲስተር (በርሚንግሃም)፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ነርስ ከመሆኔ በፊት አሁን አንቺ የምትገቢበትን ሥራ ዓመታት ሠርቼዋለሁ።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ግን አብዛኛው ቀን ዱላ ሳይሆን ሻይ፣ ወሬ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ግቢ ይዞ መውጣት ነው። በሥልጠናው ቁጣን በንግግር ማብረድን፣ ከያዘሽ እጅ መላቀቅን፣ በቡድን ሆኖ ሰው መያዝን ያስተምሩሻል። መያዝ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ይህን ክፍል በደንብ ስሚ። ኦላሴኒ ሉዊስ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት በ2010 ለንደን ውስጥ ሕክምና ፍለጋ ሆስፒታል ገብቶ፣ ፖሊሶች ለረጅም ጊዜ ተጭነው ከያዙት በኋላ ሞተ። ወላጆቹ ለዓመታት ታግለው በ2018 ሕግ ወጣ፤ የሴኒ ሕግ ይሉታል። ከማርች 2022 ጀምሮ ሆስፒታሎች ኃይል በተጠቀሙ ቁጥር መመዝገብ፣ ሠራተኛውንም ማሠልጠን ግዴታቸው ነው። ስለዚህ «መተንፈስ አቃተኝ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ አዲስ ነኝ ብለሽ ዝም አትበይ፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

ለራስሽ ደግሞ፦ ሃንድኦቨር (የተረኞች ርክክብ) ከመግባትሽ በፊት አላርምሽን ወስደሽ ሞክሪው። አንዲት ታካሚ አንገቷ ላይ ያሰረችው ነገር ቢኖር የሚቆርጠው መሣሪያ የት እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። ክፍል ስትገቢ ከበሩ ራቅ ብለሽ አትቁሚ፤ የእሷንም መውጫ አትዝጊ።

የሌሊት ተራ (ሊድስ)፦
ስለ ዋን ቱ ዋን እኔ ልመልስልሽ፣ ብዙውን ሌሊት እዚያ ላይ ነኝ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ ነው፤ ሌላው በክንድ ርቀት ነው፣ እሱ መጸዳጃ ቤትም ይጨምራል። ይህኛው ለሁለታችሁም ከባድ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ኬር ፕላኗ (የእንክብካቤ ዕቅዷ) ላይ ተጽፏል፤ አንብቢው፣ ለእሷም አስቀድመሽ ንገሪያት። «ይቅርታ፣ አብሬሽ መግባት አለብኝ፣ ፊቴን ትንሽ መለስ አደርጋለሁ፣ አንቺ ግን አውሪኝ» ስትያት ውርደቱ ይቀልላታል።

ቀን ከሆነ ዝም ብለሽ እንደ ዘበኛ አትቀመጪ። ካርታ ተጫወቱ፣ ጥፍር ቀቡ፣ ቴሌቪዥን አብራችሁ እዩ። እኛ ጋ የገባች አንዲት ጥቁር ልጅ ለሳምንታት ጸጉሯን የነካላት አልነበረም፤ እንደ ገመድ ተያይዞ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅባት አስፈቅዳ፣ ከኋላዋ ተቀምጣ ቀስ እያለች ፈታችው፣ ከዚያ ሹሩባ ሠራቻት። ለሐኪም አልናገርም ያለችውን ያን ቀን ነው የተናገረችው። ባልደረባዬም ሰምታ ዝም አላለችም፣ ወዲያው ለነርሷ ነገረች።

ሌሊት ግን አንድ ነገር አደራ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ሳታዪ «ተኝታለች» ብለሽ አትፈርሚ። በበሩ መስኮት ብርድ ልብስ ብቻ ከታየሽ ግቢ። በየ15 ደቂቃው የሚታዩትንም ሁልጊዜ በእኩል ሰዓት አትሂጂባቸው፤ ራሷን መጉዳት ያሰበች ሰው እግርሽን ትቆጥራለች። ናይስ የተባለው የጤና መመሪያ አውጪ በ2015 እንዳስቀመጠው አንድ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ከ2 ሰዓት በላይ እንዲህ ባለ ጥበቃ ላይ መቆየት የለበትም። የሚተካሽ ካልመጣ ጥሪ፣ አትፈሪ። የደከመ ዓይን አያይም።

ባንድ ሦስት (ብሪስቶል)፦
እህቴ፣ ኖት ላይ አትጨነቂ። ቋንቋ ማሳመር አያስፈልግም፤ ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ። «ተረብሻ ዋለች» ብትዪ ለሐኪሙ ምንም አይጠቅመውም። «14:10 ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ‹ስሜን እየጠሩኝ ነው› አለችኝ፤ ምሳዋን አልነካችም» ብትዪ ግን ሥራ ሠርተሻል። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በ24 ሰዓት ጻፊ፤ እኛ ሐበሾች ስንቸኩል ስድስት ሰዓት ይቀላቀልብናል። አስቸኳይ ነገር ከሆነ መጀመሪያ በአፍ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ። የግል ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አትያዢ።

ኬር ሆም የለመድሽው ነገር እዚህ በጣም ይጠቅምሻል፤ ብዙዎች ግን ንቀው ይተዉታል። ለምሳሌ ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ታካሚ። ደሟ የመጀመሪያዎቹን 18 ሳምንታት በየሳምንቱ ስለሚመረመር እሱን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሆድ ድርቀቱን ግን የሚጠይቃት የለም፤ ያ ድርቀት ደግሞ ሰው ይገድላል። ሰገራ ከወጣች ስንት ቀኗ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በመርፌ እንድትረጋጋ የተደረገች ታካሚም እንዲሁ፤ ትንፋሿ፣ የልብ ምቷ፣ የደም ግፊቷ ቢያንስ በየሰዓቱ ይለካል፤ እንቅልፍ ከወሰዳት በየ15 ደቂቃው። «ትተኛ፣ አትቀስቅሷት» የሚል ሰው ቢኖርም ልኬቱ አይቀርም።

ሕጉን ለነርሶቹ ተይው፤ የምትሰሚውን ለመረዳት ያህል ግን፦ ሴክሽን የሚሉት የአእምሮ ጤና ሕጉን አንቀጽ ነው። ታካሚን ያለ ፈቃዷ ማቆያው ሴክሽን 2 ለምርመራ እስከ 28 ቀን፣ ሴክሽን 3 ለሕክምና እስከ 6 ወር ነው። ሴክሽን 17 ደግሞ መውጫ ፈቃድ ነው። በፈቃዷ የገባች ታካሚ ልውጣ ካለችሽ ዘግተሽ አታስቀሪያት፤ ነርሷን ጥሪ። እስከ 6 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ የማቆየት ሥልጣን ያለው ለአእምሮ ጤና ወይም ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት የተመዘገበ ነርስ ነው፤ አንቺ የለሽም።

አዲስ ገቢ (ለንደን)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዴት ያለ መልስ ነው። የሴኒን ታሪክ አላውቅም ነበር። የእኛን ሰው ጉዳይ ግን ማንም አልነካልኝም፤ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

አስተርጓሚ (ለንደን)፦
ልጄ፣ እኔ በአማርኛና በትግርኛ ብዙ ዋርድ ውስጥ አስተርጉሜያለሁ፤ ደጋግሞ ያጋጥማል። የምታውቂያት ከሆነች ወዲያው ለተረኛዋ ነርስ ንገሪ፤ ከተቻለ ሌላ ታካሚ ላይ ይመድቡሻል። ፋይሏን አትክፈቺ፤ ማን እንደከፈተ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። እዚያ መኖሯን ራሱ ለማንም አትንገሪ፤ ለእናትሽም፣ ለንስሐ አባትሽም። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ «ጨርቋን ጥላለች» ከተባለ ጋብቻዋም ሥራዋም ማኅበሯም አብሮ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። ውጪ ስታገኚያት እሷ ሰላም ካላለችሽ አንቺም ቀድመሽ አትበይ።

ማስተርጎምን በተመለከተ ሻይ ትፈልጊያለሽ፣ በርዶሻል ወይ ማለት ይቻላል። ሐኪም ሲመረምራት፣ መብቷ ሲነበብላት፣ ስለ መድኃኒት ሲነገራት ግን «አስተርጓሚ ይጠራ» በይ። አንቺን እንደ ሠፈር ሰው እያየች ልቧን አትሰጥም፤ በስህተት ያስተላለፍሽው አንድ ቃልም ሴክሽን ላይ ሊያቆያት ይችላል።

አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር ደግሞ አለ፤ ለቡድኑ አስረጂ። የሁዳዴ ጾም ላይ ያለች ሴት እስከ ከሰዓት ሳትበላ ስትቆይ «ምግብ እምቢ አለች፣ ተመርዟል ብላ ይሆናል» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ጾም መሆኑን ንገሪያቸው፤ የጾም ምግብም ይዘዝላት። ሊቲየም የተባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ውኃ ሳትጠጣ መዋል አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ይከማችና ይመርዛታል። ነርሷ እንድታውቅ አድርጊ፤ ሆስፒታሎቹ ውስጥ የሃይማኖት አገልግሎት ክፍል ስላለ ቄስ እንዲያነጋግሯት መጠየቅ ይቻላል። ካህኑ «ለታመመ ውኃ ይፈቀዳል» ሲላት ከማንኛችንም ይልቅ ትሰማዋለች። ጠበል ካለችም አትሳቂባት፣ አትከራከሪያትም። መድኃኒቷን እየወሰደች መጠመቅ እንደምትችል ቄሱ ቢነግራት ጥሩ ነው፤ ጠርሙሱን ግን ሳታስፈቅጂ አታስገቢላት።

ባንድ ሦስት (ብሪስቶል)፦
ስለ ባንዱ አንድ ነገር ልጨምር። የሥራው መግለጫ በ2021 ተሻሽሏል። የደም ግፊትና ትንፋሽ መለካት ዓይነት ክሊኒካዊ ሥራ ዘወትር የምትሠሪ ከሆነ ባንድ 3 መሆን አለበት። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ግቢና ጠይቂ። ባንድ 2 ላይ እያለሽ ሌሊትና ቅዳሜ 41 በመቶ፣ እሑድ 83 በመቶ ጭማሪ አለ። ወደፊት ነርስ መሆን ካማረሽ መሸጋገሪያው ናርሲንግ አሶሼት ነው፤ በረዳትና በነርስ መካከል ያለ ሙያ ሲሆን ሥልጠናው 2 ዓመት ነው፤ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ሌቭል 2 ስለሚጠይቁ ከአሁኑ ጀምሪው፤ ጽሑፍሽም በዚያው ይፈታል።

አዲስ ገቢ (ለንደን)፦
ሁላችሁም ኑሩልኝ። አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀርታኛለች፦ ማተቤን ማውለቅ አለብኝ?

ሲስተር (በርሚንግሃም)፦
አንገት ላይ የሚቀር ክር ለአንቺም ለታካሚዋም አደጋ ነው፤ ጎትታ ልታንቅሽ ትችላለች፤ ተበጥሶ ቢወድቅም ራሷ ላይ ልታስረው ትችላለች። ብዙዎቻችን ሺፍት ላይ ማተባችንን አውልቀን ሎከር ውስጥ እናኖራለን ወይም ትንሽ መስቀል ኪሳችን ውስጥ እንይዛለን። የሆስፒታሉን የአለባበስ ደንብ አይተሽ ዋርድ ማኔጀርሽን በግልጽ ጠይቂያት፤ የሃይማኖት ነገር መሆኑን ስትነግሪያት በአክብሮት ነው የምትመልስልሽ። ጸጉርሽንም ወደ ኋላ እሰሪው፣ የጆሮ ሎቲሽንም ቤት ተዪው።