ኤችኤስኤፍ1 ሁሌም ሴል ውስጥ ካለ፣ ሙቀት እስኪመጣ ለምን አይሰራም?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ፈተና ደርሶብኝ ነው። ሴል ሲሞቀው የሂት ሾክ ጂኖችን (ከሙቀት ጉዳት የሚከላከሉ ፕሮቲኖች የሚሰሩባቸውን) የሚያስነሳው ኤችኤስኤፍ1 የሚባል ፕሮቲን ነው ተብለናል፣ እሺ፣ ግን ሳይሞቅም በፊት እዛው አለ አሉን። ታዲያ ካለ ምን ይጠብቃል? ሙቀት መምጣቱንስ በምን አወቀ፣ ቴርሞሜትር የለው ሃሃ

ላብ_አዳሪ፦
ተይዞ ነዋ። በደህናው ጊዜ እነ ኤችኤስፒ70 እና ኤችኤስፒ90 ይዘውት ነው የሚውሉት፣ ሻፐሮን የሚባሉት፣ የተጣመመ ፕሮቲን የሚያቃኑት ማለት ነው። ሙቀት ሲመጣ ሌሎቹ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው መፈታት ይጀምራል (እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ለምን እንደሚረጋ አስበው፣ ሴሉ እስከዛ ባይደርስም) እና ሻፐሮኖቹ እሱን ለቀው ወደ ተበላሹት ይሮጣሉ። ያኔ ሦስት ሦስት ሆኖ ይጣመርና ዲኤንኤው ላይ ጂኤኤ የሚሉት ፊደሎች የሚደጋገሙበት ቦታ ሄዶ ይለጠፋል። ስለዚህ በዋናነት የሚያየው ዲግሪውን ሳይሆን ጉዳቱን ነው፣ ለዚህ እኮ ነው ካድሚየምም አልኮልም ሳይሞቅ የሚያስነሱት።

ዝንብ_አርቢ፦
ልክ ነው ግን ግማሹን ነው የነገርከው። በፍራፍሬ ዝንብ ኤችኤስፒ70 ጂን ላይ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ (ጂኑን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው ኤንዛይም) ቀድሞ ገብቶ ከ20 እስከ 40 ፊደል ገደማ ጽፎ ቆሟል። ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ "ሳበው!" እስኪለው የሚጠብቅ ሚኒባስ በለው። ኤችኤስኤፍ (የዝንቡ ኤችኤስኤፍ1) ሲመጣ ፒቴፍቢ የሚባል ኤንዛይም ይጠራል፣ ፖሊመሬዙ ይለቀቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ኤምአርኤንኤው (ፕሮቲን የሚሰራበት የጂኑ ቅጂ) ይጎርፋል። ነገሩ መጀመሪያ የታየውም በዝንብ ነው፣ ጣሊያናዊው ሪቶሳ ኢንኩቤተሩ ሙቀት ጨምሮበት የምራቅ እጢው ክሮሞዞም ላይ አዲስ እብጠት (ጂን ሲሰራ የሚታይ) አየ፣ በ1962 አሳተመው። የኢንኩቤተር ስህተት እንደዚህ ሲጠቅም አይቼ አላውቅም፣ እኔ ጋ ዝንቦቹን ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ግራ_የገባው፦
ኦኬ አሁን ገባኝ! ማቆሚያውስ? ዝም ብሎ ይቀጥላል?

ላብ_አዳሪ፦
አይ፣ ያ የተመረተው ኤችኤስፒ70 ራሱ ነው የሚያቆመው። የተበላሹት ሲስተካከሉ ሥራ ይፈታና ተመልሶ ኤችኤስኤፍ1ን ይይዛል። ደግሞ ፈተና ላይ ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣው የጂን ክፍል) ከጠየቁህ፣ የዝንቡ ኤችኤስፒ70 ጂን ኢንትሮን የለውም፣ ከባድ ሙቀት ስፕላይሲንግን (ያንን ቆርጦ የማውጣቱን ሥራ) ስለሚያውክ ይሄ ይጠቅመዋል።

ግራ_የገባው፦
ኧረ ይሄን አስተማሪያችንም አላለም፣ ተባረኩ