ወንድሜ ከፌደራል አቃቤ ህግ ደብዳቤ መጣለት፣ ጠበቃ እንዴት ነው የሚያዘው?

የጨነቃት_እህት
ሰላም ቤቶች። ይሄን እዚህ የምጽፈው ለሰው መንገር ስላቃተኝ ነው፣ እናታችን ራሷ ገና አልሰማችም። ታናሽ ወንድሜ ኡበር ነው የሚነዳው፣ ቨርጂኒያ ነን፣ በ2021 ሰዉ ሁሉ ፒፒፒ (በኮቪድ ጊዜ መንግስት ለትናንሽ ቢዝነስ ያመቻቸውን ሊሰረዝ የሚችል ብድር) ሲወስድ አንድ ፎርም የሚሞላ ሰውዬ አንተም ይገባሃል ብሎ ሞላለትና 20,833 ዶላር አካውንቱ ውስጥ ገባ፣ ለሰውየው ድርሻውን ቆርጦ ሰጠው። ችግሩ ፎርሙ ላይ የዓመት ገቢው 100 ሺ ነው ይላል፣ ልጁ በህልሙም አግኝቶት አያውቅም፣ ሳያነብ ነው የፈረመው። ብድሩ ከተሰረዘለት በኋላ እኛም አለፈ ብለን ረስተነዋል።

ባለፈው ወር ጠዋት ሁለት ሰዎች በር አንኳኩ፣ እሱ አልነበረም፣ ካርድ ለኔ ሰጥተው ሄዱ፣ ትህትናቸው ሌላ ነው። ሰኞ ደሞ ከዩኤስ አተርኒ ኦፊስ ደብዳቤ መጣ፣ "ታርጌት" (ሊከሰስ የታሰበ ሰው) ነህ ይላል፣ ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመስረት አይመስረት የሚወስኑ ዜጎች) ይላል። ወንድሜ "ምን ሰረቅኩ፣ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ" ብሎ ካርዱን ይዞ ይዞራል። ፎርም የሞላው ሰውዬ ደውሎ "የኔ ሎየር ላንተም ይቆምልሃል፣ ሰባራ ሳንቲም አታወጣም፣ ቴሌግራማችንን ብቻ አጥፋው" አለው። አጎታችን የሚያውቀው የኛው ልጅ የሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ደሞ በ6 ሺ እይዘዋለሁ ብሏል። ሌላ ጋ ስደውል 35 ሺ መነሻ አሉኝ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የመንግስት ጠበቃ በነጻ አለ ይላሉ ግን የከሰሰህ መንግስት የሚከፍለው ሰውዬ እንዴት ብሎ ላንተ ይከራከራል? ወንድሜ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ሲቲዝን አይደለም። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ።

ያለፈበት_ያውቃል
እህቴ አይዞሽ። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ደውይና ያንን ካርድ ተቀበዪው። ጠበቃ ሳይይዝ አንዲት ቃል እንዳይናገራቸው። እኔ ሌላ ዓይነት ኬዝ ነበረብኝ፣ ልክ እንደሱ ምን አጠፋሁ ብዬ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ውሃ ቀድቼላቸው ሁለት ሰዓት አወራን፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ብሎ ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንድ ሰው አላውቀውም ያልኩት ነገር ነበር፣ ደንግጬ ነው እንጂ አውቀዋለሁ፣ ክሱ ሲመጣ ለብቻው አንድ ቻርጅ ሆኖ ተጨምሮ አገኘሁት። ለፌደራል ኤጀንት መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ መሃላ አልማልኩም ብትዪ አይሰራም፣ እስከ 5 ዓመት ያስፈርዳል። ዝም ማለት ግን ወንጀል አይደለም፣ "ጠበቃዬ ያናግራችኋል" ብሎ በር መዝጋት መብቱ ነው።

ቴሌግራሙን ደሞ በምንም ተአምር እንዳያጠፋ!! ምርመራን ለማደናቀፍ ብሎ መረጃ ማጥፋት እስከ 20 ዓመት የሚያደርስ ነው፣ ከብድሩ የባሰ ጣጣ ውስጥ ይገባል። እና ደሞ አስቢው፣ እዛ ቴሌግራም ላይ ሰውየው "እኔ እሞላዋለሁ አንተ ፈርም ብቻ" ያለበት ካለ ለወንድምሽ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሰውየው አጥፋው ያለው ለማን አስቦ ይመስልሻል? ሎየሩስ ቢሆን ነገ ወንድምሽ "ቁጥሩን የጻፈው እሱ ነው" ማለት ቢፈልግ ያው ጠበቃ ለሁለቱም ቆሞ ማንን ሊወቅስ ነው። እያንዳንዱ ለራሱ ጠበቃ መያዝ አለበት።

አለፈ ያላችሁትም አላለፈም፣ በ2022 በወጣ ህግ የፒፒፒ ማጭበርበር እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊከሰስ ይችላል።

ሀቁን_ልንገርህ
እኔ እንኳን ነጻ ጠበቃ አይዋጥልኝም። የአክስቴን ልጅ ፐብሊክ ዲፌንደር ነበር የያዘው፣ ኮሪደር ላይ 5 ደቂቃ አናግሮት ፈርም አለው፣ ፈረመ አለቀ። ስሙን እንኳን በትክክል አልጠራውም። ቤት ሽጡ መኪና ሽጡ የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፣ ብር ያልተከፈለው ሰው ላብ አይወጣውም።

አስተርጓሚዋ
ሀቁን_ልንገርህ፣ የአክስትህ ልጅ ኬዝ የስቴት ነው ወይስ የፌደራል? ኮሪደር ላይ ነው ካልክ የስቴት ይመስለኛል፣ ሁለቱ ደሞ ሰማይና ምድር ናቸው። እኔ ፍርድ ቤት ነው የማስተረጉመው፣ የሰው ጉዳይ አላወራም፣ ግን በጠቅላላው ያየሁትን ልንገራችሁ።

የፌደራል ዲፌንደር ቢሮ ውስጥ ያሉት ጠበቆች ስራቸው የፌደራል ኬዝ ብቻ ነው። በየቀኑ እነዛው ዳኞች ፊት፣ ከነዛው አቃቤ ህጎች ጋር ነው የሚውሉት፣ የራሳቸው መርማሪዎች አሏቸው። ደሞዛቸውም የሚመጣው ከፍርድ ቤቶች በጀት ነው፣ ከሳሹ ጀስቲስ ዲፓርትመንት አይከፍላቸውም። ቢሮው ከዚህ በፊት ፎርም የሞላውን ሰውዬ ይዞ ከሆነ ወንድምሽን መያዝ ስለማይችል ከፓነል (ፍርድ ቤቱ ለዚህ ከመዘገባቸው ጠበቆች ዝርዝር) የግል ጠበቃ ይመደብለታል፣ እሱንም ፍርድ ቤቱ ነው የሚከፍለው፣ ከ1964 ጀምሮ በህግ ያለ ነገር ነው። ለማግኘት ደሞ ባዶ ኪስ መሆን የለበትም፣ ጥሩ ጠበቃ ለመያዝ አቅሙ አይፈቅድም ወይ ነው ጥያቄው። የገቢ ፎርም ይሞላል፣ እባክሽ እሱ ላይ ግን ሳንቲሟን ሳይቀር እውነት ይጻፍ፣ በውሸት ፎርም ተከሶ ሌላ የውሸት ፎርም እንዳይሆን።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል? ብዙ ጊዜ ታች ላይ አቅም ከሌለህ ዲፌንደር ቢሮ ደውል ይላል፣ ክስ ገና ሳይመሰረትም መጠየቅ ይቻላል። አሌክሳንድሪያ የሚሆን ከሆነ ደሞ ቶሎ በሉ፣ እዛ ያለው ፍርድ ቤት "ሮኬት ዶኬት" የሚባለው በፍጥነቱ ነው፣ ጠበቃ የምታማርጡበት ጊዜ አይሰጣችሁም።

አንድ ጊዜ ቤተሰብ ብር አሰባስቦ የያዘለት ጠበቃ አየሁ፣ ጎበዝ ተናጋሪ ነው፣ ሱፉ ያምራል፣ ግን ስራው ትራፊክ ቲኬትና ፍቺ ነበር። ከቅጣት በፊት ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ (የፍርድ ቤቱ ሰራተኛ ነው) ለዳኛው የሚያዘጋጀው ሪፖርት አለ፣ የጉዳቱ መጠን ስንት ብር ነው፣ የሰውየው ሚና ምን ነበር፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው ያለው፣ ስህተት ካለ በ14 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መቃወም ነው። ዳኛው ተቃውሞ አለህ ወይ ሲለው ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ሲያገላብጥ፣ እኔ የማስተረጉመው ቃል አጥቼ ዝም አልኩ፣ ደንበኛው ዞሮ "ምን አለ?" ይለኛል። ምንም አላለማ! በፌደራል አብዛኛው ኬዝ ትራያል (ሙሉ የፍርድ ቤት ክርክር) አይደርስም፣ በፕሊ (ጥፋትን በማመን) ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ የጠበቃው ጉብዝና የሚለካው እንደ ፊልሙ በመጮህ ሳይሆን እዚች ሪፖርት ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ግሪን ካርዱ። የማጭበርበር ወንጀል ሆኖ ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በኢሚግሬሽን ህግ "አግራቬትድ ፌሎኒ" (ከባድ ወንጀል) ነው፣ አንድ ቀን ባይታሰርም ሊያስባርረው ይችላል። 20,833 ለዳኛው ትንሽ ብር ሊመስል ይችላል፣ ፕሮቤሽን (ሳይታሰሩ በክትትል መቆየት) ብቻ ሊፈረድበትም ይችላል፣ ቤተሰብም እልል ይላል፣ ከዛ አይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ይመጣል። ስለዚህ ፕሊ ከተደረገ የትኛው ወንጀል ነው፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጉዳት ስንት ነው የሚለው ከእስራቱ እኩል ነው። ከ2010 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው መሰረት የወንጀል ጠበቃው ይሄን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ያ የኛ ልጅ ያላችሁት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅማችሁ፣ ብቻውን ኬዙን ሳይሆን ከዋናው ጠበቃ ጋር ሆኖ የኢሚግሬሽኑን ጎን እንዲያይ አድርጉ።

ሀቁን_ልንገርህ
አዎ የስቴት ነው። እሺ ተቀብያለሁ። ግን ያ የ35 ሺው ቢያዝስ ይጎዳል?

አስተርጓሚዋ
አይጎዳም፣ ብሩ ካለና ሰውየው በትክክል ፌደራል የሚሰራ ከሆነ። ቤት ሽጦ ግን አይደለም።

ድሮ_ፓራሊጋል
የግል ለመያዝ ከወሰናችሁ ትንሽ ልጨምር። የስቴት ላይሰንስ ስላለው ብቻ ፌደራል ፍርድ ቤት መቆም አይችልም፣ ለዛ ፍርድ ቤት ለብቻው መመዝገብ አለበት፣ መመዝገብ ደሞ መስራት ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ጠይቁት፣ በዚህ ፍርድ ቤት ውስጥ የመጨረሻው የማጭበርበር ኬዝህ መቼ ነበር፣ እንዴት አለቀ፣ ኬዙን የምትይዘው አንተ ነህ ወይስ ለጁኒየር ነው የምትሰጠው። ክፍያው እስከ ፕሊ ብቻ ነው ወይስ ትራያልን ይጨምራል የሚለው በጽሁፍ ይሁን፣ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው፣ 35 ሺ ከፍሎ ትራያል ሲመጣ እንደ አዲስ ይጠየቃል። "ነጻ አወጣዋለሁ" ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ወይ "ካሸነፍኩ ትከፍሉኛላችሁ" የሚል ካለ ውጡ፣ በወንጀል ኬዝ በውጤት ላይ የተመሰረተ ክፍያ ክልክል ነው።

ዘመድ ካሽ ሰብስቦ እንዳይሄድ ደሞ። ከ10 ሺ በላይ ካሽ የተቀበለ ጠበቃ ለአይአርኤስ (ለግብር መስሪያ ቤቱ) ፎርም 8300 የሚባለውን የካሽ ሪፖርት መሙላት ግዴታው ነው፣ ሰጪውም ብሩን ከየት አመጣህ ሊባል ይችላል። በቼክ ክፈሉ። እና ማንም ይክፈል ማን ደንበኛው ወንድምሽ ነው፣ አጎትየው ከፈልኩ ብሎ ፕሊ ውሰድ አትውሰድ ማለት አይችልም።

ሌላው፣ እህቴ አንቺም ከጠበቃው ጋር ሲያወራ ክፍሉ ውስጥ አትግቢ። የጠበቃና የደንበኛ ሚስጥር ሶስተኛ ሰው ካለ ሊፈርስ ይችላል፣ እህትና ወንድም መሀል ደሞ ህጉ የሚጠብቀው ሚስጥር የለም፣ ነገ ለምስክርነት ልትጠሪ ትችያለሽ። እንግሊዝኛው ካስቸገረው አስተርጓሚ ይጠየቅለት፣ አንቺ ግን አታስተርጉሚለት። እዚህም ላይ ዝርዝር በቃሽ፣ እንዲያውም የመጀመሪያ ፖስትሽን አንሺው፣ ብዙ አውርተሻል።

የጨነቃት_እህት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፖስቱን ስለማንሳት ጠበቃው ይንገረኝ ብዬ ነው፣ ማጥፋት ሲባል አሁን ሁሉም ነገር እያስፈራኝ ነው። እትዬ አስተርጓሚ፣ ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ነበረው፣ ከኤንቨሎፑ ሳላወጣው ቀርቼ ነው፣ እንዳልሽው የዲፌንደር ቢሮ ስልክ እዛ ላይ አለ። ወንድሜ ራሱ ደወለ፣ አንዲት ሴትዮ አነሳች፣ ምን ሆነ ብላ ከመጠየቋ በፊት "ለማንም አታውራ" ነው ያለችው። ሀሙስ የገቢ ፎርም ሊሞላ ይሄዳል፣ አማርኛ አስተርጓሚ ይኖራል ብላዋለች። ለሰውየው ስልክ አላነሳንም፣ ቴሌግራሙ እንዳለ ነው። አጎቴ ትንሽ አኩርፏል፣ የኛን ልጅ ናቃችሁት ብሎ፣ ለኢሚግሬሽኑ እንፈልገዋለን ብዬው ነው የበረደው።

ወንድሜ አብረሽኝ ግቢ እያለ ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ ብዬዋለሁ።